ከአሥር ሦስት

ዓሣው ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል፣ ሐሙስ ለምሳ በወደቡ በኩል ካለች ትንሽ ምግብ ቤት የበላሁት ዓሣ፣ ከእኔ በቀር ደንበኛ አልነበረም፣ በጥር ወር አሽዶድ ከተማ ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ዓሣ የሚበላ ማን ነው፣ ዓሣው ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንደተቀመጠ አልጠየቅኩም፣ መጠየቅ ሥራዬ ነው፣ አልጠየቅኩም። አሁን ቅዳሜ ነው፣ ረፋድ፣ አልጋው ላይ በጀርባዬ ተኝቻለሁ፣ ቀኝ ጉልበቴ ታጥፎ ቆሟል፣ እኔ አላጠፍኩትም፣ ልዘርጋው ስል ከእምብርቴ በታች በቀኝ በኩል አንድ ነገር ይይዘኛል፣ ስለዚህ አልዘረጋውም። የተበላሸ ዓሣ ጉልበት ያሳጥፋል? መረጃ የለኝም።

ጣሪያው ላይ እርጥበት የሣለው ቡናማ ቅርጽ አለ። እረፍት ማለት ይህ ነው፣ ልጄ ኢንባል ናት ክፍሉን በስልኳ የያዘችልኝ፣ አባ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ተቀምጠህ ባሕር ዳር አንድ ቀን አድረህ አታውቅም፣ አምስት ቀን ብቻ፣ ክረምት ስለሆነ ርካሽ ነው፣ እሺ በለኝ። እሺ አልኳት። ርካሽነቱን ክፍሉ ራሱ ይናገራል፣ ሮቫ ጊሜል የሚባል ሰፈር፣ የድሮ የመንግሥት ሕንጻ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አንዱ ቤት ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለእንግዳ፣ አንድ ማንኪያ፣ ሁለት ሹካ፣ የማያሞቅ ማሞቂያ፣ ግድግዳው ላይ የበጋ ባሕር ፎቶግራፍ፣ ጃንጥላና ሕፃናት። የእውነቱን ባሕር ረቡዕ አየሁት። ግራጫ ነው፣ የዋና ጠባቂዎቹ ማማ ተቆልፏል፣ አንድ ሰውዬ ውሻውን ያናፍሳል፣ ማስታወሻዬን አወጣሁና ነፋስ ብዬ ጻፍኩ፣ ሌላ የሚጻፍ አልነበረም።

ብርድ ይለኛል። አይ፣ ይሞቀኛል። ሁለቱም።

ትላንት ጠዋት ወደ ጤና መድኑ፣ ወደ ኩፓት ሆሊም ደወልኩ፣ ሻባት ገብቶ ክሊኒኩ ለሰንበት ሳይዘጋ ብዬ፣ ነርሷ ወጣት ናት፣ ድምጿ ፈጣን ነው፣ ከአንድ እስከ አሥር ሕመምህ ስንት ነው አለችኝ፣ ሦስት አልኳት። ሦስት። ይህን ስላት የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ ነበር፣ ላቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። አስመልሶሃል? ትንሽ። ትኩሳት አለህ? አይመስለኝም፣ ቤሴዴር፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ውሃ ጠጣ፣ ከባሰብህ ደውል አለችኝ፣ ትክክል ናት፣ በሰጠኋት መረጃ ላይ ተመሥርታ ፍጹም ትክክል ናት።

ደግሞስ ሕመም መረጃ አይደለም፣ አስተያየት ነው፣ ሁለተኛ ምንጭ የለውም፣ አንድ ሰው ብቻ የሚመሰክርለትን ነገር አየር ላይ አናውልም።

ይህን ታሪክ እኮ እኔው ሠርቼዋለሁ፣ ዘጠኝ ደቂቃ፣ ከጎንደር የመጡ ሽማግሌዎቻችን ሐኪም ፊት ለምን ደህና ነኝ እንደሚሉ። እንዴት ነዎት ሲሏቸው እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ይላሉ፣ እንዴት ነዎት ሰላምታ ነውና፣ ሰላምታ ላቀረበልህ ሰው በሽታህን አታሸክመውም፣ ነውር ነው፣ ሐኪሙ ደግሞ ደህና የሚለውን ይጽፋል። የሰባ አንድ ዓመቱ አቶ ወንዳለ በአራተኛው ቀን አረፉ ብዬ አነበብኩ፣ ድምፄ አልተሰበረም፣ አባቴ መሆናቸውን አልጠቀስኩም፣ ለዘገባው አያስፈልግም ነበር። አሁን ድረስ አያስፈልግም ነበር እላለሁ። ከአሥር ስንት ቢሏቸው አባባ ምን ይሉ ነበር፣ ሁለት ይሉ ነበር፣ ሐኪሙን ላለማስቸገር።

እኔ ሦስት ብያለሁ። እድገት ነው።

ኢንባልም ትላንት ከሰዓት ደወለች፣ አባ ባሕሩ እንዴት ነው፣ ደስ ይላል፣ ድምፅህ ምን ሆኗል፣ ነፋስ ነው፣ ነፋስ ነው የኔ እናት። ማታ ለአራተኛ ጊዜ አስመለሰኝ፣ አፌን በፎጣ አፍኜ፣ ለጎረቤት እንዳይሰማ።

በሩ ይመታል። በጣት አይደለም፣ በመዳፍ፣ ሁለት ጊዜ። አልነሳም። እንደገና ይመታል። ከአልጋው እስከ በሩ ስድስት እርምጃ ነው፣ ማክሰኞ ስገባ ቆጥሬዋለሁ፣ አሁን ግድግዳውን ይዤ አሥራ አንድ ሆነ፣ እከፍታለሁ፣ እማማ ዓባይነሽ ናቸው፣ የቤቱ ሌላኛው ግማሽ የእሳቸው ነው፣ ማክሰኞ ደረጃው ላይ ሻንጣዬን እንደያዝኩ አቁመው የማን ልጅ ነህ፣ የማን የማን፣ እያሉ እስከ ሰባተኛው አያቴ አስቆጥረውኛል፣ አምስተኛው ላይ ስደናገር ራሳቸው ጨረሱልኝ። ሰማንያ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት የቀራቸው ባልቴት፣ ነጠላቸው ገና ከትከሻቸው አልወረደም፣ ከምኩራብ መመለሳቸው ነው። ሰንበት ሰላም። ሰንበት ሰላም እማማ፣ እንዴት አረፈዱ። ፊቴን አያዩም። እግሬን ያያሉ።

እስቲ ሂድ ይሉኛል። የት? ወደ አልጋህ፣ ተመለስና ሂድ፣ ልይህ። እማማ ደህና ነኝ እኮ፣ ዓሣ በልቼ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነህ ወይ ብዬ ጠየቅኩህ? ሂድ ነው ያልኩህ። እሄዳለሁ። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ በካልሲ፣ ጎንበስ ብዬ እየሄድኩ ባልቴት ከኋላዬ እግሬን ይመረምራሉ፣ ቀኙን ትጎትታለህ፣ አልጎትትም እማማ፣ ትጎትታለህ፣ የጣቶችህንም ነገር እየው። አየዋለሁ። የእግሬ ጣቶች ወደ ውስጥ ተጨብጠዋል፣ አሥሩም፣ እኔ ሳላዛቸው። በጣቶችህ ጫፍ ቁም። ቆምኩ። አሁን ተረከዝህን ወለሉ ላይ ጣለው። ሁለቱንም? ኧረ የጎረቤቱን! ጣለው እንጂ።

እጥለዋለሁ።

ሦስት አይደለም። ምን እንደሆነ አላውቅም ግን ሦስት አይደለም፣ ፎቶግራፉ ላይ ያሉት ጃንጥላዎች ይጠቁራሉ፣ የአልጋውን ጠርዝ ይዣለሁ፣ ማን አስያዘኝ፣ እማማ ናቸው፣ ክንዴን በሁለት እጃቸው ይዘውኛል፣ ጠንካራ እጅ ነው። እህ ይላሉ፣ ረጋ ብለው፣ ትርፍ አንጀት ነው።

ሐኪም ነበሩ እንዴ እማማ፣ ልቀልድ ነው የሞከርኩት። ምን ሐኪም፣ ወለል ወልዋይ ነበርኩ እንጂ፣ ሆስፒታል፣ የቀዶ ጥገናው ክፍል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ወልዋይ ምን ያያል መሰለህ፣ ቀና ብሎ ሰው አያይ፣ እግር ነው የሚያየው፣ እግሩን አይቼ ይኸኛው ዛሬውኑ ይቀደዳል እል ነበር በሆዴ፣ ሐኪሞቹ ሳይመጡ፣ አንዴም አልሳትኩ። አይ፣ አንዴ ስቻለሁ፣ እሷ ምጥ ይዟት ኖሯል።

ይህን ልብ እላለሁ። ትኩሳቱ ጆሮዬ ውስጥ እየጮኸ ልብ እላለሁ፣ ስሕተታቸውን ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፣ ስንት ባለሥልጣን ነው ማይክሮፎን ፊት እንዲህ ያደረገ፣ አንድም አላስታውስም።

ስልኬ የት አለ፣ አምቡላንስ ልጥራ እማማ፣ እርስዎ ሰንበትዎን አያፍርሱ፣ እኔው እደውላለሁ። አንተማ ሦስት ትላቸዋለህ። ሰምቼሃለሁ ትላንት ሦስት ስትላት፣ ግድግዳው ስስ ነው ልጄ፣ አራቴ ማስመለስህንም ሰምቻለሁ፣ አራተኛውን በጨርቅ አፍነኸዋል፣ ይህን ሁሉ ሰምቼ ከምኩራብ መልስ እግሩን ሳላይ አልገባም ብዬ ነው የመጣሁት።

ሁለተኛ ምንጭ። ሕመሜ ሁለተኛ ምንጭ አለው፣ ከግድግዳው ማዶ ተቀምጦ ሲቆጥር አድሯል።

ወጥተው ተመለሱ። በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘዋል፣ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት፣ ስልክ ነው፣ አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቋጥሮ ቅዳሜ ኮከብ ሲታይ የሚፈታ ስልክ፣ ጎንደር ካለው መንደራቸው ጀምሮ ሰንበትን እንዲህ የያዙ ሴት ናቸው፣ በሰንበት መብራት የማይነኩ፣ ጎረቤት እንዲያበራላቸውም የማይጠይቁ። ነፍስ ማዳን ነው አሉ፣ ለእኔ አይደለም፣ ለራሳቸውም አይመስለኝም። የአምቡላንሱን ቁጥር፣ አንድ መቶ አንድን ነኩ።

እንዲህ አሉ፣ በዕብራይስጥ፣ በአጭሩ። ወንድ ነው። ወደ እኔ ዞረው፣ ዕድሜህ? ሃምሳ ስምንት። ከትላንት ጠዋት ጀምሮ፣ አራት ጊዜ አስመልሶታል፣ ያተኩሰዋል፣ ሕመሙ በታች በቀኝ ነው፣ ተረከዙን ሲጥል ሊወድቅ ነበር፣ ሮቫ ጊሜል፣ የመንገዱ ስም፣ የሕንጻው ቁጥር፣ መግቢያው በኋላ በኩል ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለም፣ በእግሩ አይወርድም፣ ቃሬዛ አምጡ። በቃ። አንድ ቃል አልተረፈም፣ አንድ ቃል አልጎደለም፣ ወይኔ አላሉም፣ ቶሎ በሉ አላሉም፣ ቃሬዛ የሚለው ቃል ቶሎ በሉን ይዞታል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ዜና ጽፌ እንዲህ ያለ መግቢያ አንድ ቀን አልወጣልኝም።

ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አልዘጉትም። ውስጡ ያለው ሰውዬ ሃሎ፣ ሃሎ፣ ሴትዮ ይላል፣ እማማ ይዝጉት እንጂ አልኩ፣ መደወሉ ነፍስ ነው አሉኝ፣ መዝጋቱ ነፍስ አይደለም፣ ራሱ ይዝጋው። ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም፣ ወደ ጎኔ ተጠቀለልኩ፣ አትሳቅ አሉ፣ እሳቸው ግን ትንሽ እንደሳቁ አይቻለሁ።

በአሥራ አንድ ደቂቃ ደረሱ። ደረጃው፣ የቃሬዛው ማሰሪያ፣ የበሩ ጉበን፣ የእማማ ነጠላ ጫፍ ከላይ፣ ሰማዩ፣ ግራጫ፣ ነፋስ አለ፣ ኢንባል፣ ለኢንባል ማን ይነግራታል፣ ደረቅ ብርሃን፣ ጓንት ያደረገ እጅ፣ ወረቀት ፈርም፣ ፊቴ ላይ ፕላስቲክ፣ ከአሥር ወደ ታች ቁጠርልኝ ትላለች አንዷ፣ አሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሰባት

ሦስት ላይ አልደረስኩም።

እሑድ ጠዋት ነው። መስኮት አለ፣ መስኮቱ ላይ ዝናብ። ሐኪሙ መጥቶ ሄዷል፣ ትርፍ አንጀትህ ሊፈነዳ ጥቂት ነበር የቀረው፣ እስከ ማታ አይቆይልህም ነበር፣ ደግነቱ በሰዓቱ ደወልክ አለኝ፣ እኔ አልደወልኩም አልኩት፣ ይህ መታረም አለበት። ኢንባል ወንበሩ ላይ ናት፣ ዓይኗ አብጧል፣ ነፋስ ነው አልከኝ ትላለች፣ ነፋስ ነው አልከኝ አባ፣ አያቴም እንዲህ እያሉ ነው የሞቱት። ታውቅ ነበር፣ ዘገባውን ሰምታዋለች፣ የአያቷንም ስም ታውቃለች፣ መደበቅ የምችለው ከአድማጭ ብቻ ነበር።

እማማ ዓባይነሽ ይገባሉ። ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ነው የመጡት፣ በላስቲክ ከረጢት ጫማዬን ይዘዋል፣ በካልሲ ወጥተህ ጫማህን ማን ያምጣልህ አሉ፣ ለኢንባል የማን ልጅ ነሽ አላሉም፣ በእኔ በኩል ቆጥረው ጨርሰዋታልና። ጫማውን ከአልጋው ሥር አስቀመጡ፣ ጎንበስ ሲሉ ወለሉን አዩት፣ ጥጉን አዩት፣ እርጥብ ጨርቅ ያልደረሰበትን ጥግ።

አንዲት ነርስ መጣች፣ ሰሌዳ ይዛለች፣ ዛሬ እንዴት ነህ፣ እግዚአብሔር ይመስ ብዬ ቆምኩ። ኢንባል ታየኛለች። ከአንድ እስከ አሥር፣ ሕመምህ? አስባለሁ፣ በእውነት አስባለሁ፣ አራት እላለሁ፣ ከአርቡ አንድ ጨምሬ፣ ደፋር የሆንኩ መስሎኝ።

እማማ የብርድ ልብሱን ጫፍ ከእግሬ በኩል ገለጥ አደረጉ። አዩ። መልሰው አለበሱኝ።

ሰባት፣ አሉ ለነርሷ።

ነርሷ እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ከዚያ ጻፈች። ሰባት። ምንጩን አልጠየቀችም፣ እኔም ብሆን አልጠይቅም። ትክክል ነው፣ ሰባት ነበር።