የአባባ ድምፅ እና ነፃው ዘበኛ

ፍርሃት በዘር አይተላለፍም የሚል ሰው ካለ ይህን ቤት መጥቶ ይይ። አባትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የዕቃ መጋዘን ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው፤ ጡረታ ቢወጡም መጋዘኑ ከእሳቸው አልወጣም። በራቸው መቀርቀሪያ በመቀርቀሪያ ነው፤ መስኮቱ ፍርግርግ አለው፣ ፍርግርጉ ደግሞ ጓጉንቸር። ምሽት ላይ "በሩን ቆልፈሽዋል?" ሳይሉ ራት አይበሉም። ተቆልፏል ቢባሉም አያምኑም፤ ሄደው እጀታውን ነቅነቅ አድርገው ይመለሳሉ።

ሴት ልጃቸውን ገና ስትድህ "ቁልፌ" አሏት። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንዲሉ፣ አድጋ በአንድ የሒሳብ ቢሮ ኮምፒውተሮችን ከቫይረስና ከሌባ የምትጠብቅ ባለሙያ ሆነች። አባት መጋዘን፣ ልጅ ኮምፒውተር፤ ሁለቱም ዘበኛ። እናት ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እነሱ ብቻ ናቸው።

ባለፈው ዓመት የአባባ ጉሮሮ ታመመ። ማንቁርታቸው ካልወጣ ሕይወታቸው አይተርፍም ተባለ፤ ማንቁርት ከወጣ ደግሞ ድምፅ የለም። የሆስፒታሉ የንግግር ሐኪም ግን መላ አላት። ከቀዶ ጥገናው በፊት ድምፃቸው በብዛት ከተቀዳ፣ ቁስሉ ሲሽር እሳቸው የሚጽፉትን በራሳቸው ድምፅ የሚናገር ማሽን ይሠራላቸዋል አለች። ቁልፌም ድምፅ እንዳያስተጋባ መኝታ ቤቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ አባቷን እያስነበበች መቅዳት ጀመረች። "ውኃ ስጡኝ።" "ደህና ነኝ።" "ማን ነው የደወለው?" እንዲህ እንዲህ እያለ ብዙ መቶ ዓረፍተ ነገር ሆነ። አባባ መጀመሪያ አፍረው ነበር፤ በኋላ ግን ለመዱትና ይቀልዱ ጀመር።

"ሳቄንም ቅጂው እንጂ" አሉ አንድ ቀን። "ኋላ የማንን ሳቅ ልስቅ ነው?"

ሳቁንም ቀዳችው። ከዚያ ቀዶ ጥገናው ሆነ፤ አባባ ተረፉ፣ ዝምም አሉ።

የንግግር ሐኪሟ ቅጂውን ቀድማ ተቀብላ ልታስቀምጥ ብትጠይቅ ቁልፌ እንቢ አለች። የሰው ድምፅ አስመስለው ዘመድ አዝማድ የሚያታልሉ ሌቦች እንዳሉ ሰምታለች፤ የአባቷ ድምፅ በሌባ አፍ ሲናገር በሕልሟ ሳይቀር ሰምታዋለች። ስለዚህ ቅጂውን ሁሉ በአንድ ፋይል ጠቅልላ በይለፍ ቃል ቆለፈችው። አንዱን ግልባጭ ቤት ባለው ኮምፒውተር፣ ሌላውን በፍላሽ አድርጋ በአባባ ሣጥን አኖረች። ቅጂ በበዛ ቁጥር በር ይበዛል፣ ሌላ በር አልከፍትም አለች። ማን ይመልሳት?

ኮምፒውተሩን የሚጠብቀው ቀድሞ ታላቅ ወንድሟ፣ ጋሼ የምትለው፣ ከሱቁ ያመጣላት የሚሸጥ ፀረ-ቫይረስ ነበር። ጋሼ የኮምፒውተር ዕቃ ነጋዴ ነው። ያ ፀረ-ቫይረስ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ቀይ መስኮት እየከፈተ "አደጋ ላይ ነዎት" ይላል፤ ጧት አደጋ፣ ማታ አደጋ። ቁልፌ ቀይ ባየች ቁጥር ልቧ ድው ይላል። በመጨረሻ መረራትና ነቅላ ጣለችው፤ በምትኩ በቢሮዋ የምትሠራበትን ነፃውንና ክፍት ምንጩን፣ ኮዱ ለማንም የተገለጠውን ፀረ-ቫይረስ ጫነች።

ጋሼ ሲሰማ ሳቀባት። ያለ ደመወዝ የሚያድር ዘበኛ አንድም ይተኛል፣ አንድም ከሌባው ጋር ይስማማል አላት። እሷም አልተመለሰችም። ይሄኛው አንጀቱ ሳይቀር ክፍት ነው፤ የዓለም ሰው ኮዱን እያነበበ ስህተቱን ያርመዋል፤ ያንተው ግን ጓዳውን አያሳይም፤ ደግሞ የሚጮኸው ሌባ ሲመጣ ሳይሆን የእኛ ኪስ ሲሸተው ነው አለችው። እውነቷን ነው። ክርክሩን አሸንፋ ሸኘችው።

ማሸነፉንስ አሸነፈች፤ እሱ ከሄደ በኋላ ግን ጋሼ ልክ ቢሆንስ የሚል ትል ሆዷ ገባ። ነፃው ዘበኛ ጠባዩ ዝምተኛ ነው፤ ያዘዙትን ያደርጋል እንጂ አይጮህም። ጩኸቱን ስትጠላ የኖረች ልጅ አሁን ዝምታው አስፈራት። ቁጭ ብላ ትእዛዝ ጻፈችለት። የተቆለፈ ሆኖ ውስጡን ልታየው ያልቻልከውን ፋይል ሁሉ ጠርጥር። የጠረጠርከውን እኔን ሳትጠይቅ አጥፋ። ማንም መልሶ እንዳያነሳውም ላዩ ላይ ባዶ ጻፍበት። ፍላሽ ሲሰካ ከሁሉ በፊት ፈትሽ። በቢሮዋ እንዲህ ያለ ነገር አታደርግም፤ እዚያ ፕሮግራሙ ጠርጥሮ ይነግራታል፣ የምትወስነው እሷ ናት። ለቤቷ ግን ፍርሃቷ እጇን ያዘና ጻፈ። የተቆለፈ ፋይል ስትል የታያት የሌባ ፋይል ነበር። የራሷም የተቆለፈ መሆኑ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላላትም።

ቁስሉ ሽሮ ለማሽኑ የተያዘው ቀጠሮ ዋዜማ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ቁልፌ ከቢሮ አስፈቅዳ መጣች፤ ፋይሉን ለነገ ልታዘጋጅ ኮምፒውተሩን ከፈተች። አባባ ከጎኗ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አንገታቸው ላይ ያለውን ቀዳዳ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው የማሽኑን ነገር ለማየት ጓጉተዋል።

አቃፊው ባዶ ነው።

ሌላ ቦታ ፈለገች። በስሙ ፈለገች። የለም። የመጣባት አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፦ ሌባ። ገብተው ድምፁን ወስደውታል፤ ይህን ጊዜ አንዱ አክስቷ ዘንድ ደውሎ በአባቷ አፍ እያወራ ይሆናል። ለጋሼ ደውላ ተሰርቀናል፣ አሁኑኑ ድረስ አለችው። ከዚያ ተነሥታ በሩን አየች። ተቆልፏል። መስኮቱን አየች። እሱም ተቆልፏል። አባባ በዓይናቸው ይከተሏታል። ምን ሆንሽ ለማለት ከንፈራቸው ይነቃነቃል፤ ከትንፋሽ በቀር የሚወጣ የለም።

"ምንም አይደለም አባባ" አለች። "ሌላ አለን።"

ሣጥኑን ከፍታ ፍላሹን አወጣች። በአንዱ ጎኑ ስትለው በሌላው ስትለው እንደ ምንም ሰካችው።

ከስክሪኑ ጥግ ትንሽ መስኮት ብቅ አለች። ቀይ አይደለችም፤ ድምፅም የላትም። "የተቆለፈ ፋይል፣ ተጠርጣሪ። በመጥፋት ላይ።" ከሥሩ አረንጓዴ መስመር ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት። ሌባ የለም፣ ቫይረስ የለም። ባለፈው ሳምንት ዘበኛዋ እንደታዘዘው ኮምፒውተሩን ሲፈትሽ አንድ የተቆለፈ ነገር አግኝቶ አጥፍቶታል፤ አሁን ሁለተኛውን እያጠፋ ነው። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ንቀይው! አለች ለራሷ፤ እጇ ግን አልታዘዝ አላት። መስመሩ ግማሹን አለፈ፣ አለፈ፣ ሊደርስ ነው፤ እሷ እንደ ግንድ ቆማለች።

አባባ የኮምፒውተር ነገር አያውቁም። የልጃቸውን ፊት ግን ያውቃሉ። ከወንበራቸው ተነሡ፣ ዓይኗ የተተከለበትን አዩ፣ ጎንበስ ብለው በዚያ መቀርቀሪያ ሲዘጋ በኖረ እጃቸው ፍላሹን መንጭቀው አወጡት።

ጋሼ እያለከለከ ሲደርስ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ፍላሹ በአባባ መዳፍ ውስጥ ነው። ቁልፌ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ነግሬሽ ነበር ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን ስክሪኑን አይቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

"ማነው አጥፋ ያለው?"

"እኔ" አለች።

ጋሼ ከሱቁ ሌላ ኮምፒውተር አስመጣ። ፍላሹ ከመሰካቱ በፊት ቁልፌ ሦስት ጊዜ አረጋገጠች፤ ዘበኛ እንደሌለበት ካየች በኋላም ፈራች። ጋሼ ነው የሰካው። ማጥፋቱ የጀመረው ከፋይሉ ራስ ነበር፤ ስለዚህ የተረፈ ካለ ያለው ጅራቱ ላይ ነው። ፈለጉ፣ በረበሩ። ውኃ ስጡኝ ሄዷል። ደህና ነኝ ሄዷል። ሳቁም ሄዷል። ከመጨረሻው ጫፍ አንዲት ቅጂ ተገኘች፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ምሽት ንባቡ ካለቀ በኋላ ቁልፌ መቅጃውን ሳታጠፋ ቀርታ ነበር። የይለፍ ቃሉን ጻፈችና ከፈተችው።

ወንበር ሲንቋቋ፣ ሰው ሲነሣ ተሰማ። ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

"በሩን ቆልፈሽዋል?"

አባባ ደነገጡ። ራሳቸውን ከሰሙ ወራት አልፏቸዋል። ቀስ ብለው ተነሡና ወደ በሩ ሄዱ፤ እጀታውን ነቅነቅ አድርገው ተመለሱ። ቁልፌ ይህን ስታይ አልቻለችም፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ጋሼ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ የንግግር ሐኪሟ በአንድ ዓረፍተ ነገር ድምፅ አይሠራም አለች፤ አዝናለች፣ ግን አይሆንም። ማሽኑ የማያውቁትን ሰው ድምፅ ይዞ መጣ። ጥሩ ድምፅ ነው፣ ጥርት ያለ። አባባ ውኃ ሲጠይቁም፣ ደህና ነኝ ሲሉም የሚያወራው ያ እንግዳ ሰው ነው። ከታች በስተግራ ያለችው አንዲት ቁልፍ ብቻ የራሳቸው ናት፤ የተረፈችው ቅጂ እሷ ላይ ተጭናለች። ቁልፌ ያቺን ቅጂ አሁን ለጋሼም ለሐኪሟም ለአክስቷም ሰጥታለች፤ ሳትቆልፍ።

ሲመሽ፣ ራት ከመቅረቡ በፊት፣ አባባ ያቺን ቁልፍ ይጫናሉ። ልጅቱ ከማዕድ ቤት ሆና ትሰማለች፤ ቶሎ መልስ መስጠት ያቅታታል። እሳቸውም ያልሰማች መስሏቸው ደግመው ይጫኑታል።

"ቆልፌዋለሁ፣ አባባ" ትላለች።