የሙከራ ውሃ

«ዝጋው! ዝጋው እንጂ አንተ ሰው፣ ቀለሙን ልታጥብልኝ ነው እንዴ!»

የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከማጠራቀሚያው አናት ላይ ሆኖ ሲጮህ ቦቴ ሮጦ የመኪናውን መዝጊያ ጠመዘዘው። ሞልቶ የፈሰሰው ውሃ ትናንት በተቀባው ሰማያዊ ቀለም ላይ ቁልቁል ወረደና «ንጹሕ ውሃ ለሁሉም» ከሚለው ጽሑፍ «ለሁሉም» የሚለውን አደበዘዘው። ኃላፊው መሰላሉን በጥድፊያ ወርዶ በመሐረቡ አብሳለሁ ሲል ጭራሽ ጠራረገው። አሁን የሚነበበው «ንጹሕ ውሃ» ብቻ ነው።

«ይሁን» አለ መሐረቡን እያየ። «ይሄም አያንሰንም።»

ቦቴ የሰውዬው ስም አይደለም፤ ውሃ የሚያመላልስበት መኪና ስም ነው። ከመኪናው ጋር ብዙ ዘመን ከመክረሙ የተነሳ ከተማው ሁለቱን መለየት ተወ። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የምታስታውሰው ታላቅ እህቱ ብቻ ናት፤ እሷም ስትቆጣ ካልሆነ አትጠራውም። ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ ሰው በማያይበት በኋላ መንገድ ከወንዙ ወደ ኮረብታው ሲመላለስ ነው የነጋለት። ለምን እንደሆነም ያውቃል፤ ባያውቅ ይሻለው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቧንቧው ተቀብሯል። ሰው የሚቀዳባቸው ቦኖዎች በየሰፈሩ ተተክለዋል። ማጠራቀሚያው ኮረብታው ላይ ተገትሯል። የጎደለው ውሃውን ከጉድጓዱ ስቦ ሽቅብ የሚገፋው ፓምፕ ብቻ ነው። ፓምፑ ደግሞ ከውጭ አገር ነው የሚመጣው፤ ለመምጣት የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል፤ የውጭ ምንዛሪው ባንክ ወረፋ ላይ ነው፤ ወረፋውን ማን እንደሚያስይዝና ማን እንደሚያስቀድም የሚያውቅ አንድዬ ነው። ሙሽራዋ የሌለችበት ሠርግ ማለት ይሄ ነው። ለምረቃው የተጠሩት እንግዶች ግን ዛሬ ይመጣሉ።

«አለቃ፣ ሰዉ ያወቀ ዕለት ምን ይለናል?» አለ ቦቴ የውሃውን ጎማ እየጠቀለለ።

«ምኑን ነው የሚያውቀው? ሲከፍቱት ይወርዳል። ይሄ ውሸት አይደለም፣ የሙከራ ውሃ ነው። መስመር የተባለ ሁሉ ይሞከራል።»

«እንግዲያው ሙከራ ነው ብለን እንንገራቸዋ።»

ኃላፊው ዞር ብሎ አየው። ክፉ ሰው አይደለም። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ፍም መስሏል፤ ሸሚዙ ከትናንት ወዲያ የለበሰው ነው።

«ስማኝ ቦቴ። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው። ሥራው ካልተመረቀ ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል። ገንዘቡ ከተመለሰ ፓምፑም ቀረ፣ እኔም ቀረሁ፣ አንተም ቀረህ። ቋሚ ሠራተኛ ልትሆን አንድ ሐሙስ ነው የቀረህ። ይህን የምናውቀው እኔ፣ አንተና ዘበኛው ነን። ዘበኛው ጆሮው አይሰማም። ወሬው ከወጣ ከማን እንደወጣ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት አልሄድም።»

«ኧረ እኔ ምን አገባኝ፣ አለቃ። አህያም የለኝ ከጅብም አልጣላ።»

ይህን አባባል ይወደዋል፤ ኖሮበታል። ስብሰባ ሲጠሩት ይሄዳል፣ ሲያጨበጭቡ ያጨበጭባል፣ ጥያቄ ያለው ሲባል ጫማውን ያያል። የመንገዱ ገንዘብ የት ገባ ብሎ የጠየቀው አስተማሪ ስሙ እንኳን በማይታወቅ በረሃ ተመድቦ፣ ቤተሰቡ ዕቃውን ጭኖ ሲሸኘው በዓይኑ በብረቱ አይቷል። ችግሩ፣ እሱ አህያ ባይኖረውም እህቱ አላት።

ቦቴውን እንግዶቹ እስኪሄዱ ትምህርት ቤቱ ጀርባ ደብቅ ተብሎ ነበርና ቁልቁል ወደ ከተማው ነዳ። ከመጀመሪያው ሰፈር ሲደርስ ግን መንገዱ ሁሉ እርጥብ ሆኖ ጠበቀው። ሴቶች በየደጃፋቸው በርሜል አጋድመው በአሸዋ ይፈትጋሉ። ለወር በቁጠባ የያዙትን የወንዝ ውሃ ወደ መንገድ ይደፉታል። አሮጌው ይውጣ፣ አዲሱ ይግባ ተባብለዋል መሰለኝ፣ አንዷ ስትደፋ ያየች ሌላዋ ትደፋለች።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

«ቦቴ!» አለች ሳቂታ፣ በእጇ የያዘችውን ጣሳ ሙሉ ውሃ መስተዋቱ ላይ ቸልሳበት። «ከዛሬ ጀምሮ አንተንም መኪናህንም ጡረታ አውጥተናችኋል! ሂድ ልጅ አሳድግ!»

ሳቂታ የእህቱ ወዳጅ ናት። እሷም እንደ እህቱ በአህያ ከወንዝ ውሃ እያመላለሰች በየቤቱ ትሸጣለች። ባሏ ከሕንፃ ላይ ወድቆ አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ ቤቱን የያዘችው በዚያ አህያና በሳቋ ነው። የቦቴ ሚስት የመጀመሪያ ልጇን አምጣ የወለደችው በሳቂታ እጅ ላይ ነበር። ሴትዮዋ በርሜሏን ገልብጣ የመጨረሻውን ጠብታ ስታራግፍ አየ። ሳቅ ብሎ አለፋት።

እህቱ ግቢ ሲደርስ ደግሞ አህያዋን በሳሙና እያጠበች አገኛት።

«እታለም፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሙሽራ እያጠብኩ ነው፣ አታይም?» አለች ቀና ሳትል። «አህያ ነጋዴው የጭነት መኪና ይዞ ገበያው ዳር ቆሟል። ዛሬ ያልተሸጠ አህያ ነገ ማን ይገዛዋል? ቦኖው ከተከፈተ የከተማው አህያ ሁሉ ሥራ ፈት ነው። ሰው ነገ ይነቃል፤ እኔ ዛሬ ነቃሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በገንዘቡ የቧንቧ መስመር ግቢዬ ድረስ አስገባለሁ። የእንግዳ ማረፊያውን አንሶላ ላጥብ ተስማምቻለሁ። ወገቤን ላሳርፈው፣ ወንድምዬ። ይሄ ወንዝ ጉልበቴን በልቶ ጨርሶታል።»

ነገሩ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር።

«ትንሽ ብትቆዪስ?»

«ለምን?»

«እንዲያው… ምናልባት ዋጋው ቢጨምር።»

እህቱ ሳቀች። «አንተ ልጅ፣ አህያና ሾፌር መቼ ዋጋቸው ጨምሮ ያውቃል?»

አብሯት ሳቀ። ሌላ ምን ያድርግ? ይህች ሴት እናታቸው ስትሞት ትምህርቷን ጥላ ጀሪካን የተሸከመች፣ እሱን ያስተማረች፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣችለት ናት። ለእሷ ያልተናገረ አፍ ለማን ሊሆን ነው? ግን ደግሞ ሚስቱ ወሯ ገብቷል፤ ከሥራ የተባረረ ሾፌር ደግሞ ማን ይቀጥረዋል? እንዲህ ከራሱ ጋር ሲሟገት መኪናውን ትምህርት ቤቱ ጀርባ አቆመና በእግሩ ወደ አደባባዩ ተመለሰ።

ዋናው እንግዳ ረፋዱ ላይ መጣ። ብዙ ተናገረ፤ ስለ ዕድገት፣ ስለ መቶኛ፣ ስለ መጪው ትውልድ። በመጨረሻ «ከእንግዲህ ውሃ መቅዳት እንጂ ውሃ መፈለግ የለም!» አለና ቦኖውን ከፈተ። መጀመሪያ ንፋስ ፊሽ አለ። ቀጥሎ ቡናማ ነገር ተፋ። ከዚያ ውሃው ጠርቶ ተዘረገፈ።

አቤት ያን ጊዜ የነበረው ጩኸት! ሰው ተቃቀፈ። ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን አውልቀው ነከሩ። ሳቂታ ሁለት እጇን ገጥማ ጠጣች፣ ደገመች፣ ከዚያ እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች። ቦቴ በገዛ እጁ ከወንዝ የቀዳውን ውሃ፣ በገዛ እጁ የሞላውን ውሃ ሲወርድ እያየ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለአንድ አፍታ እውነት መስሎት ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ለካ እንዲህ ነው።

ኃላፊው ከኋላው መጥቶ ክርኑን ያዘው።

«ውሃው እያለቀ ነው» አለ በሹክሹክታ። «ሰዉ በበርሜል በበርሜል ነው የሚገለብጠው። እንግዶቹ ምሳ ላይ ናቸው፤ ሳይሄዱ ከተቋረጠ ጉድ ፈላ። አንድ ቦቴ ድገምልኝ። ሩጥ!»

ሮጠ። ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ ግን በገበያው ዳር ነው የሚያልፈው። የጭነት መኪናው ላይ አህዮች ተጠጋግተው ቆመዋል። ታች ደግሞ ነጋዴው የእህቱን አህያ አፍ ፈልቅቆ ጥርሱን ይመለከታል። ቦቴ ሳያስበው ፍሬን ረገጠ፤ ወርዶ እህቱን እጇን ይዞ ወደ ቦቴው ጀርባ ወሰዳት።

«እታለም፣ አትሽጪው።»

«ምን ሆነሃል ዛሬ? ላብ በላብ ሆነሃል።»

«ውሃው የእኔ ነው። እኔ ነኝ ከወንዝ ቀድቼ የሞላሁት። ፓምፕ የሚባል ነገር የለም። ነገ ቦኖውን ብትከፍቺው ንፋስ ነው የሚወጣው።»

እህቱ ከቦቴው የውሃ ጎማ የሚንጠባጠበውን አየች፤ ኮረብታውን አየች። «ወይ ጉዴ» አለች ቀስ ብላ። «ፓምፑስ መቼ ይመጣል?»

«ባንኩ ሲፈቅድ። ከርሞም ይሆናል፣ ላይመጣም ይችላል።»

ተናግሮ ሲጨርስ ጀርባው ላይ የነበረ ኩንታል የወረደለት መሰለው። በሕይወቱ አንድ የወንድ ሥራ ሠራ። ደፈረና ቀጠለ። «ለሳቂታም እንንገራት፤ ለሌሎቹም። ይኸው እየጫኑ አይደል—»

«ዝም በል!» ክንዱን ጨመቀችው። «ለማን ነግረሃል?»

«ላንቺ ብቻ።»

«በኔ ይብቃ። ከተማው በሙሉ አህያውን እየጎተተ ወደ ቤቱ ከተመለሰ ማን እንደተናገረ ይጠፋቸዋል? እስር ቤት ምሳ የምታመላልስልህ ማን ናት? ያቺ ነፍሰ ጡር?»

እውነቷን ነው። እንኳን እሱ፣ ግድግዳም ይህን ያውቃል። ግን እህቱ ይህን ስትናገር ዓይኗ እሱ ላይ አልነበረም። በትከሻው ላይ አልፎ የጭነት መኪናውን፣ አህዮቹን፣ በገመድ ይዘው የቆሙትን ሴቶች ያያል። በርሜሉ ሁሉ ተደፍቷል። ዛሬ የተቀዳው ሳምንት አይዘልቅም። አህያው ሁሉ ሊሄድ ነው። ከዚያ በኋላ በዚህች ከተማ አህያና የሚሸጥ ውሃ ያላት ማን እንደምትሆን ቦቴም ገባው።

«እታለም…» አለ።

«ምን ላድርግ?» አለች። «ፓምፑን ያስቀረሁት እኔ ነኝ? ልጄ የምትከፍለው አጥታ ከነርስ ትምህርት ቤት ልትባረር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ነገር የምሰማው ሰው ሁሉ ከሰማ በኋላ ነው። ዛሬ አንድ ቀን ቀድሜ ብሰማ ኃጢአት ነው?»

ይህን ጊዜ ሳቂታ አህያዋን እየሳበች፣ ደረቷ ድረስ በአዲሱ ውሃ እንደራሰች ከተፍ አለች።

«ሰማችሁልኝ? ነጋዴው አህያዬን ‹ይሄ አጥንት ነው› አለልኝ! ‹አንተስ ብትሆን› አልኩት!» በሳቅ ተንከተከተች። «በሰጠኝ ልሸጠው ነው። ምን አደርገዋለሁ ከእንግዲህ?»

«ለኔ ሽጪልኝ» አለች እህቱ።

«ላንቺ? አንቺ የራስሽን ልትሸጪ አይደለም እንዴ የመጣሽው?»

«ሐሳቤን ቀየርኩ። ወንድሜ ቤት ሊሠራ ነው። ድንጋይና አሸዋ ማመላለሻ ያስፈልገዋል፤ አንድ አህያ አይበቃውም።»

ሳቂታ ወደ እሱ ዞረች። ፊቷ በራ።

«አንተ! ቤት? እውነትህን ነው?»

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጮኻል፤ ኃላፊው ነው። እህቱ አንገቷን ደፍታ የአህያዋን ገመድ ታፍታታለች። ሳቂታ ዓይን ዓይኑን እያየች ትጠብቃለች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው።

«አዎ» አለ ቦቴ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ጨመረበት። «መሠረቱ በሚመጣው ሳምንት ይወጣል። ሁለት ክፍል ነው። ቧንቧውም ቤት ውስጥ ድረስ ይገባል።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ!» ሳቂታ ገመዱን ለእህቱ አስጨበጠቻት። «ለቤት ከሆነማ ከነጋዴው ዋጋ ላይ ቀንሼላችኋለሁ። እዚያ መኪና ላይ ልጭነውም አንጀቴ አልቻለም ነበር። ፈጣሪ ይጨርስልህ! ደጅህ ውሃ አይጥፋበት!»

«አሜን» አለ ቦቴ፤ መኪናውንም አስነስቶ ወደ ወንዙ ወረደ።