በጉድጓዱ አፍ የተገኘ ጥይት

ጣልያን በወጣ በሰባተኛው ዓመት ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፤ ቶሎም ወጣ። በጥቅምት ውርጭ ወረደና ከደባርቅ በላይ ያለውን ገብስ በእሸቱ ፈጀው። በጥር ከብት አለቀ። በየካቲት ጠመንጃ ያለው ሸፈተ፤ የሌለው ወደ ዛሪማ ቆላ ተሰደደ።

ጀምበሩ አልሄደም። ከግቢው ጥግ በጉድጓድ የቀበረው አሥራ ሁለት ቁና የዘር ገብስ ነበረው። እሱ ከተበላ ለከርሞ የሚዘራ የለም።

አንድ ማለዳ የጉድጓዱ መክደኛ ድንጋይ ፈቀቅ ብሎ አገኘው። ሲሰፍር ልክ አንድ ቁና ጎድሏል። ድንጋዩ ላይ አንድ የምንሽር ጥይት ተቀምጧል።

ዙሪያውን አመድ ነሰነሰ። በሳምንቱ ሌላ ቁና ጎደለ፤ ሌላ ጥይት ተተካ። አመዱ ላይ የሰው ዱካ አለ፤ የግራው እግር ትንሿ ጣት የለችም።

“ጦርህን ይዘህ አድፍጥበት” አለች ሚስቱ ስንቄ።

“ጥይት ያለው ሰው እኔን ገድሎ ሁሉንም ይወስድ ነበር። ምነው ሰፍሮ ወሰደ?”

“አንተ ይህን ስትመራመር ዘሩ ያልቃል። ልጆቹን ጥይት ልታስቆረጥማቸው ነው?”

በሦስተኛው ሳምንትም እንደዚያው ሆነ። በአራተኛው ግን ገብሱ ጎድሎ ድንጋዩ ላይ የተገኘው ባዶ ዝናር ነበር።

“ጨርሷል” አለ ጀምበሩ።

“እንግዲያ ጦር ይበቃዋል” አለች ስንቄ።

ጀምበሩ አንድ ቁና ገብስ ሰፍሮ ከነቁናው ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። ገብሱ ከነቁናው ተወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ ድንጋዩን የነካው የለም። የቀረውን ሰባት ቁና ዘራ። ግማሹ መሬት ጦም አደረ።

ዘጠኝ ዓመት ገበያ በወረደ ቁጥር የሰው እግር ሲያይ ኖረ። “ሰላምታህ ሁሉ ለእግር ሆነ” ትለዋለች ስንቄ።

አንድ ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ ከአንድ ገብስ ሻጭ ፊት ቆመ። የግራው እግር ትንሿ ጣት የለችም። የሚሰፍርበትም ቁና ጠርዙ በቀይ ቆዳ የተለበጠ፣ የስንቄ እጅ ሥራ ነው።

“አባቴ፣ የምሸጠው ገብስ ነው፤ እግሬን አልሸጥም” አለ ሰውዬው።

“ለምን ሰፍረህ ትወስድ ነበር?”

አንሙት ይባላል ሰውዬው። እጁን ከገብሱ ላይ አነሣ፤ ጀምበሩን አየ።

“ዘር መሆኑን አወቅሁ። ከቤትዎም ልጅ ሲያለቅስ ሰማሁ፤ የኔም እንዲያ ያለቅሳል።”

“ገበያ ወስደህ አትሸጠውም ነበር፣ ጥይቱን?”

“በዚያ ዓመት ሁሉም ጥይት ሻጭ፣ ማን ገብስ ሊሰጠኝ? ይዤው ብቆይ ደግሞ አንድ ቀን ሰው እገድልበት ነበር።”

“ዛሬም ከኔ ዘንድ አለ። ጠመንጃ የለኝ።”

“ይኑር። ያለ ጥይት የወሰድሁት ግን ሁለት ቁና አለብኝ።”

ቁናውን ነቅንቆ፣ ጭኖ፣ እስኪፈስ ድረስ ሁለት ጊዜ ሰፈረለት። ባዶውን ቁናም ከላይ አስቀመጠለት።

ስንቄ የቁናውን ጠርዝ ዳሰሰች። ገብሱን ለወፍጮ አላወጣችውም፤ የጉድጓዱን ድንጋይ ፈቀቅ አድርጋ ከዘሩ ጨመረችው።