ሽንኩርት ላይም የሚመልስ ካርድ

የመብራት በዓል በተቃረበ ቁጥር የማንጋል ባል አዲስ ጫማ ይገዛል። ማንጋልን የሚያንገበግባት ጫማ መግዛቱ አይደለም። አዲሱን ጫማ አድርጎ፣ ሳሎን መሀል እግሩን አነባብሮ ለመጣው እንግዳ ሁሉ፣ «ይሄ እኮ በነጻ ነው! ካርዴ የመለሰልኝ ነው። ብልጥ ሰው እንዲህ ነው የሚኖረው» ማለቱ ነው።

በነጻ! ዘይቱንና ዱቄቱን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ ድረስ ያወጣችው ማን ሆነና? ሊፍቱ እንደሆነ ከሠራበት የተበላሸበት ቀን ይበልጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ማዱካር ከባንክ ክሬዲት ካርድ ሲያወጣ ባንኩ ለሚስትየውም ተቀጥላ ካርድ ሰጠ። በላዩ ላይ ስሟ በሚያብረቀርቅ ፊደል ተጽፏል። የሷ ግን ስሟ ብቻ ነው። ከትልቁ ገበያ አዳራሽ በገዛች ቁጥር ባንኩ ከመቶው ሩፒ አምስቱን ይመልሳል፤ የሚመልሰው ግን ለማዱካር ነው። ተከፈለ የሚለው መልእክትም የሚገባው በማዱካር ስልክ ነው። እሱ በሚሠራበት ውሃ ቢሮ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ስልኩ ጢው ሲል፣ እሷ ገና ዕቃዋን ከረጢት ውስጥ ሳትከት ይደውላል።

«ስድስት መቶ አርባ የምንድን ነው?»

«የሳሙና ነው።»

«ሳሙና ብቻ?»

አንድ ቀን ከኋላዋ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሶ፣ ገንዘብ ተቀባዩም እያያት፣ ማዱካር የምን ነው የምን ነው እያለ ሲነዘንዛት ትዕግሥቷ አለቀና፣ «የውስጥ ልብስ ነው! የእርስዎ! ያለው ሁሉ ተቀዷል!» ብላ ጮኸች። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ማንጋል በቁጣ ብትነድም ባሏን አንቱ ማለት አትተውም፤ ናሺክ ከተማ ውስጥ በሷ ዕድሜ ያለች ሴት እንዲያ ነው የምትኖረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ተቀመጠ፤ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካም ከተቀመጠበት አልተነሣም።

ዘንድሮ ቢሺ የሚሉት የሕንጻው ሴቶች እቁብ ለማንጋል ወጣ። ዕጣውን ከብረት ሳህን ያነሣችው የሦስተኛ ፎቋ ቫርሻ ናት። ወረቀቱን ዘርግታ፣ «ማንጋል ታይ!» ብላ ስትጮህ ማንጋል የያዘችውን ሻይ ጭኗ ላይ ደፋችው። ታይ ማለት እታለም እንደማለት ነው፤ ታናናሾቿ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሏት።

ማታ ለማዱካር ነገረችው። «ጥሩ ጊዜ ወጣልሽ፤ የስኩተሬ ጎማ አልቋል» አላት።

«ገንዘቡ ሥራ አለው።»

«የምን ሥራ?»

እውነቱን ለመናገር ያሰበችው ሥራ አልነበረም። አፏ ቀደማት። «ካርድ አወጣበታለሁ» አለች።

ማዱካር ሻዩ በአፍንጫው እስኪወጣ ሳቀ። «ካርድ እኮ አለሽ!»

«እሱ የእርስዎ ነው።»

«ስምሽ አይደል የተጻፈበት?»

«ስሜማ በመብራት ደረሰኙም ላይ ተጽፏል» አለችና ሳህኑን አነሣች።  ሳታስበው ካፏ የወጣው ነገር እያደር ደስ እያላት ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ቫርሻን ጣራው ላይ ልብስ ስታሰጣ አገኘቻት። የካርድ ነገር ከተነሣ በሕንጻው ውስጥ እንደ ቫርሻ የሚያውቅ የለም። ሦስት ካርድ አላት። እጇን በሳሪዋ ጠርጋ እንደ መጫወቻ ካርታ አንድ በአንድ አጭሩ የጣራው ግድግዳ ላይ ደረደረቻቸው።

«ይቺ ነዳጅ ላይ ትመልሳለች። ይቺ ልብስና ጫማ ላይ። ይቺ ቀይዋ ደግሞ ሬስቶራንት ላይ፤ ከመቶው አሥር! አሥር ነው የምልሽ ታይ!»

«ሽንኩርት ላይስ?»

«ምን?»

«ሽንኩርት። ወተት። የድንብላል ቅጠል። የአማቴ መድኃኒት። እኔ ገንዘብ የማወጣው እዚያ ነው። የትኛዋ ናት እዚያ ላይ የምትመልስ?»

ቫርሻ ሦስቱንም አገላብጣ አየቻቸው። «ሽንኩርት ላይ የሚመልስ ካርድ ገና አልተፈጠረም» አለችና በራሷ ነገር ሳቀች። «ሰውየው ጋሪ ነው የሚገፋው፤ የካርድ ማሽን ከየት ያመጣል?»

«በስልክ እያነሡ የሚከፍሉበት ጥቁርና ነጭ ወረቀትማ ጋሪው ላይ ለጥፏል።»

«ኪውአሩን? እሱማ ከባንክ ሂሳብሽ ላይ ነው የሚቆርጠው፤ ክሬዲት አይደለም።»

ማንጋል አልተዋጠላትም። ያልተዋጠላትን ነገር ደግሞ አትተውም። «ተነሺ፣ ልብስ ቀይሪ፤ እንሄዳለን» አለቻት።

መጀመሪያ የሄዱት ትልቁ የገበያ አዳራሽ በር ላይ ካርድ ወደሚያስተዋውቀው ሰውዬ ነው። ከረባት አስሯል፤ ከጎኑ ሰማያዊ ባለጎማ ሻንጣ ተደርድሯል። ካርዱን ለሚያወጣ ሰው ሻንጣው ስጦታ ነው። ማንጋል ሻንጣ ይዛ የትም ሄዳ አታውቅም። ቢሆንም እጀታውን ይዛ ወዲያና ወዲህ አንከባለለችው። ጎማው ወለሉ ላይ እንደ ቅቤ ነው የሚሄደው! 

«በኢንተርኔት ለሚገዙት ከመቶ አምስት፣ ሬስቶራንት ለሚበሉት ሰባት ይመልሳል» አላት ሰውዬው።

«ባሌ ሬስቶራንት ወስደውኝ አያውቁም። ካርዱ ይወስደኛል?»

ቫርሻ በክርኗ ጎሰመቻት። ሰውዬው ሳይስቅ ቀጠለ፤ የዓመት ክፍያው ይሄን ያህል፣ የሚመለሰውም ከዚህ አያልፍም አላት።

«ሽንኩርት ላይስ?»

«ከሱፐርማርኬት ከገዙት ከመቶ ሩብ…»

«ከጋሪ ከገዛሁትስ?»

«ከጋሪማ ምንም የለውም።»

እንዲያም ሆኖ የሻንጣው ነገር አሸነፋትና፣ «እሺ፣ ጻፈኝ» አለች። ሰውዬው ብዕሩን አነሣ። «የደመወዝ ማስረጃ?»

«የለኝም። የቤት እመቤት ነኝ።»

ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠ። «እንግዲያው የባለቤትዎን ይዘው ይምጡ፤ በሳቸው ስር ተቀጥላ እናወጣልዎታለን።»

ማንጋል የሻንጣውን እጀታ ለቀቀች። ለቀቀች ሳይሆን ወረወረች ቢባል ይሻላል። ሻንጣው ተንከባሎ የሰውዬውን እግር መታው። ቫርሻ ክንዷን ይዛ እየጎተተች አወጣቻት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ማንጋል እየፈጠነች ከፊት ከፊት ሄደች። ቫርሻ ልታባብላት፣ «በኔ ካርድ ግዢ፣ የተመለሰውን እኩል እንካፈላለን» አለቻት።

«ከባሌ ወጥቼ ያንቺ ተቀጥላ ልሁን?» አለች ማንጋል። ይህን ብላ ቆመች። የቆሙት ወርቅ ሱቁ አጠገብ ካለው ባንክ በር ላይ ነበር፤ ማንጋል ትናንት የእቁቡን ገንዘብ ያስገባችበት ባንክ ነው። «እስቲ እነዚህንም ልጠይቃቸው። ደመወዝ የለኝም፣ ገንዘብ ግን አለኝ። ምን ይሉኝ ይሆን?»

መስኮቱ ላይ የነበረችው ወጣት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማቻት፤ ሻንጣ የላት፣ ከረባት የላት።

«አክስቴ፣ ደመወዝ አያስፈልግም» አለቻት። «የእቁቡን ገንዘብ ለዓመት ዝግ ሂሳብ ውስጥ ያስቀምጡት። እሱ እዚያው ወለዱን ይወልዳል። ባንኩ እሱን መያዣ አድርጎ ካርድ በስምዎ ያወጣልዎታል።»

«በስሜ ማለት በኔ? ወይስ ስሜ ተጽፎ በሌላ ሰው?»

«በእርስዎ። መልእክቱ በእርስዎ ስልክ፣ ተመላሹም በእርስዎ ሂሳብ።»

ማንጋል የመስኮቱን ደፍ በሁለት እጇ ያዘች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሽንኩርት ላይስ?» አለች።

ልጅቷ ሳቀች። «ከመቶ አንድ ነው የሚመልሰው፤ ብዙ አይደለም። ግን ሁሉም ላይ ነው። ይሄ ካርድ ስልክዎ ውስጥ ይገባል፤ የጋሪውን ኪውአር ሲያነሡ ከካርዱ ነው የሚከፍለው። ብቻ ሻጩ ኪውአሩን በነጋዴነት ያወጣው ይሁን። የግሉ ከሆነ እምቢ ይላል።»

ቫርሻ አፏን ከፍታ ቀረች። «እኔ ሦስት ካርድ ይዤ ይሄን የነገረኝ የለም!»

«አልጠየቅሽማ!» አለቻት ማንጋል፤ ባንኩ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያያት እየሳቀች።

ማታ ማዱካር ሲሰማ አልሳቀም። ወንበር ስቦ እንደ ባለጉዳይ ፊት ለፊቷ አስቀመጣት። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሒሳብ ነገር ግን እንቅልፍ ይነሣዋል።

«ማንጋል፣ ልብ አድርጊ። የኔ አምስት ይመልሳል። ያንቺ አንድ። ከአምስት አንድ ስትወስጂ አራቱን ገደል እየከተትሽ አይደለም?»

«አይደለም።»

«እንዴት አይደለም? ሒሳብ ነው እኮ!»

«የእርስዎ አምስት ለእርስዎ ነው። የኔ አንድ ለኔ ነው። ለኔ ከእርስዎ አምስት የኔ አንድ ይበልጣል።»

«ቤቱ አንድ አይደለም እንዴ? ያንቺ የኔ አለ?»

«ጫማውስ የማን ነው?»

ማዱካር እግሩን ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰበ። ቆይቶ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «የእቁቡ ገንዘብ ግን ዓመት ሙሉ ይታሰራል። ቢቸግረንስ?» አላት።

እዚህ ላይ ማዱካር እውነቱን ነው። የአማቷ መድኃኒት አለ፣ ጎማውም አልቋል። እቁቧ ደግሞ ይቺው ናት፤ ሌላ የላትም። አሁን ካሰረችው እስከ ዓመት ባዶ እጇን ናት። ዘንድሮ ካላሰረችው ግን ጎማ ይሆናል፣ በሚቀጥለውም ዓመት ሌላ ነገር ይሆናል፣ እሷም ገንዘብ ተቀባዩ ፊት ቆማ የሳሙና ነው እያለች ታረጃለች።

«ቢቸግረን ካርዱ አለ» አለች። «የኔ።»

በማግስቱ ባንኩ በሩን ሳይከፍት ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ፈረመች። ፊርማዋ ዘገምተኛ ነው፤ አራተኛ ክፍል ላይ ከማቋረጧ በፊት የተማረችው ፊደል ነው። ልጅቷ ሳትቸኩል ጠበቀቻት።

ካርዱ በፖስታ የደረሰው በዳንቴራስ ዋዜማ ነው። ዳንቴራስ የመብራት በዓል ሲገባ ቤተሰብ ሁሉ ለበረከት ብሎ የብረት ዕቃ የሚገዛበት ቀን ነው፤ ሰው ገበያውን እንደ ጉንዳን ነው የሚወረው። በዳንቴራስ ጠዋት ማዱካር ስኩተሩን ሊያስነሣ ሲል ማንጋል ሁለት ባዶ ከረጢትና ያን ተቀጥላ ካርድ አስጨበጠችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አዳራሹ አምስት አይደል የሚመልሰው? እኔማ አራቱን ገደል ልከተው? እርስዎ ይሂዱ። ዘይት፣ ዱቄት፣ ሳሙና። ዱቄቱ የማሽላ ነው፤ ስንዴ እንዳያመጡ። ከዛሬ ጀምሮ የአዳራሹ ዕቃ የእርስዎ ነው፤ ጋሪና ጉልት የኔ።»

«አራተኛ ፎቅ ማን ያወጣዋል?»

«ሊፍቱ ይሠራ እንደሁ ይሞክሩት» ብላው ወጣች።

ቫርሻ በር ላይ እየጠበቀቻት ነበር። ሁለቱም እየሮጡ ነው ማለት ይቻላል ገበያ የገቡት። የሽንኩርቱ ሻጭ ጋንፓት፣ ማንጋል ሰሞኑን ስትነዘንዘው ስለሰነበተች ኪውአሩን በነጋዴነት አስቀይሮ ነበር። «ያቺ ነዝናዛ መጣች!» አለ ገና ሲያያት።

«መዝን! አንድ ኪሎ። ጥሩ ጥሩውን።»

ስልኳን አነሣች። የምስጢር ቁጥሯን ስትነካ ጣቷ ሁለቴ ሳተ። ቫርሻ፣ «ቀስ በይ ታይ፣ ቀስ!» ትላለች፤ ራሷ ግን እግሯ መሬት አይረግጥም።

ጢው!

መልእክቱ የገባው በማንጋል ስልክ ነው። ማንም አልደወለም። ማንም የምን ነው አላላትም። ስልኩን ከፍ አድርጋ ለጋንፓት አሳየችው፣ ለቫርሻ አሳየችው፣ ከኋላዋ ለቆመች ለማታውቃት ሴት ሁሉ አሳየቻት።

«ቲማቲም ልጨምር?» አላት ጋንፓት።

«ጨምር!»

«እንግዲያው በአንድ ላይ ይሁን፣ ሒሳቡን…»

«በአንድ ላይ አይሆንም! ለብቻው!» አለች ማንጋል። ቲማቲሙን ለብቻው ከፈለች፤ ስልኳ እንደገና ጢው አለ። የድንብላሉን ቅጠል ለብቻው። ሰልፉ መጉረምረም ጀመረ፣ አንድ ሽማግሌም፣ «ልጄ፣ ቃሪያውንም ፍሬ በፍሬ ልትከፍይ ነው?» አላት። ማንጋል ዞር ብላ ፈገግ አለችለትና ከጋሪው ላይ ሁለት ቃሪያ አነሣች።

«ይሄስ ስንት ነው ጋንፓት?»