የአዋላጇ ግራ እጅ

ሰዓሊዋ ከነገር ፈላጊ ደንበኛ የምታመልጥበት የራሷ ዘዴ ነበራት። ሥዕሉ ላይ ሆን ብላ አንድ ጥፋት ትተዋለች። ደንበኛ ማለት አንድ ነገር ሳያቃና የማያርፍ ፍጡር ነውና ያቺን ጥፋት ያገኛታል፤ "ይህቺ ትስተካከል" ይልና ሌላውን ሳይነካ ደስ ብሎት ይሄዳል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዘዴዋ ከድቷት አያውቅም።

ጡረታ የወጡት አዋላጅ ግን የባሰባቸው ነበሩ። በቁመታቸው ልክ የሚሳለው ምስላቸው ቅዳሜ ይሠሩበት የነበረው ማዋለጃ ክፍል መግቢያ ላይ ይሰቀላል፤ እሳቸው ደግሞ እስካሁን ሁለት ሰዓሊ አባረዋል። ሊሳሉ ሲመጡ ወንበሩ ይቆረቁራቸዋል፣ መስኮቱ ብርድ ያስገባል፣ የቀለሙ ሽታ ራሳቸውን ያዞራል። ሰዓሊዋ ሁሉን ችላ ፊታቸውን ሠራች። ለስላሳ፣ ብሩህ፣ አንድ ሽብሽብ የሌለበት፤ እንዲህ ያለ ፊት በዕድሜዋ ሠርታ አታውቅም። ማንም እንዳይነካባት ብላ ግራ እጃቸውን አካፋ የሚያህል አድርጋ ሳለችው።

ሐሙስ ዕለት አዋላጇ መነጽራቸውን አድርገው ሸራው ፊት ቆሙ። ሰዓሊዋ በሆዷ እየሳቀች ጠበቀች።

"እጁ ልክ ነው" አሉ። "እንዳትነኪው።"

"እጁ?"

"አዎ፣ እጁ። ግን ይቺ ሴትዮ ማን ናት?" ጣታቸው ፊቱ ላይ ነበር። "ታናሽ እህቴን ትመስላለች። እሷ ደግሞ እንኳን ልታዋልድ፣ ደም ስታይ ትወድቃለች።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ። ሰዓሊዋ ክው አለች፤ ቀጥሎ ተናደደች፤ ንዴቷም እውነቱን አስወጣት።

"እማማ፣ እጁን እኮ ሆን ብዬ ነው ያበላሸሁት። እሱን ሲያርሙ ፊቱን ይተዉልኛል ብዬ።"

አዋላጇ አልተቆጡም። ጠጋ ብለው ግራ እጃቸውን ከተሳለው እጅ ጎን ዘረጉ። አንዱ ካንዱ አይበልጥም፣ አያንስም። ሰዓሊዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊት ለፊቷ የነበረውን እጅ ገና አሁን ማየቷ ነበር።

"ስታበላሺ እንዲህ ከሆነ" አሉ አዋላጇ፣ "እባክሽ ልጄ፣ ፊቴንም አበላሺልኝ።"

ሰዓሊዋ ሳቋ አመለጣት። ያ የሚያምር ፊት አሳዝኗታል፤ ቢሆንም የቀለም ቢላዋዋን አንስታ ከግንባሩ ጀምራ ፋቀችው።

"እንግዲህ ይቀመጡልኝ፣ እማማ" አለች፤ የአዋላጇንም ሽብሽብ አንድ በአንድ ታይ ጀመር።