ባዶው በርጩማ

እናቴ አጆኬ ከሞተች ሦስት ወር ሲሆናት፣ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ አሰኗን ላሠራ አንጥረኛው አያ ቦኮሳ ዘንድ ሄድኩ። አሰን የሌለው ሙት ውኃ የሚጠጣበት የለውም። አሰን ወገብ የሚደርስ የሙት መታሰቢያ የብረት ዘንግ ሆኖ አናቱ ላይ ክብ ገበታ አለው፤ በገበታው ላይ ሟቹ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የቀረው ዘመድ ተንበርክኮ ቅል ሲያቀርብለት ይታያል።

አያ ቦኮሳ በዳሆሜ ንጉሥ ዘመን የቤተ መንግሥቱ አንጥረኞች አለቃ ነበሩ። አሁን ለፈረንሳዮቹ የበር ማጠፊያ ይቀጠቅጣሉ።

«ነይ ሁዌፋ፣ ግቢ። እናትሽን በምን ዓይነት በርጩማ ላስቀምጣት?»

«አትቀመጥም። ተንበርካኪዋ እሷ ናት።»

«አንቺስ?»

«እኔ የለሁበትም።»

«ታዲያ በርጩማው ላይ ማን ሊቀመጥ ነው?»

«ማንም።»

መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ባዶ በርጩማ! የሚያየው ሰው ቦኮሳ ብረት አለቀበት እንዲለኝ ነው?»

«አይና የምትባል ታናሽ እህት ነበረቻት» አልኳቸው።

«እንግዲያው አይናን ላስቀምጣት። ይህ ምን ያስጨንቃል?»

«መሞቷን አናውቅም።»

በሕይወት ያለን ሰው አሰን ላይ ማስቀመጥ ሞትን በስሙ መጥራት ነው፤ እንኳን አንጥረኛ ሕፃንም ያውቀዋል።

የዳሆሜ ጦር ሁለቱን እህትማማቾች በአንድ ማለዳ ነው ከኬቱ ወዲህ ካለ መንደር የወሰዳቸው። አጆኬ አሥራ ሁለት፣ አይና ስምንት ዓመቷ ነበር። የንጉሡ ከተማ አቦሜ ሲደርሱ ለያይዋቸው። አጆኬ ቤተ መንግሥት ገባች፤ አይና ወደ ንጉሡ የዘንባባ እርሻ ተላከች።

በቤተ መንግሥቱ ውስጥ እያንዳንዱ ሹም «እናት» ነበረችው። ሹሙ ለንጉሡ የሚናገረውን ከኋላው ምንጣፍ ላይ ተንበርክካ ታዳምጣለች፤ ድገሚ ስትባል ቃል ሳታጓድል ትደግማለች። ብትሳሳት አንገቷ ነው። አጆኬ ሃያ ዓመት ሳይሞላት የዊዳ ወደብ ሹም እናት ሆነች። ሰውዬው ስልሳን አልፎ ነበር።

«ነጭ ጺም ያለው ልጅ ነበረኝ» ትለኝ ነበር እየሳቀች፤ «ጡት ሳላጠባው አረጀብኝ።»

ያኔ መንግሥቱ ጥጋብ ላይ ነበር። በየበጋው ጦር ይወጣል፤ የተማረከው ለባርነት ሊሸጥ ወደ ዊዳ ይወርዳል፤ ከመርከብ ጠመንጃና ባሩድ ይመጣል፤ በዚያው ጠመንጃ ደግሞ ሌላ መንደር ይያዛል። ይህን ሁሉ እናቴ በቃሏ ይዛው ነበር። አንድ ቀን ሹሙ ከዊዳ ተመልሶ እንዲህ ሲል ተናገረ፦

«ከዘንባባው እርሻ ከመጡት አንዲቱ፣ ግራ ጆሮዋ በእሳት የተጠበሰው፣ የቀዛፊውን ክንድ ነክሳ አልለቅ አለች። ነጩ ነጋዴ ሳቀና ይቺን አስቀድሙልኝ አለ።»

አዳራሹ በሳቅ አወካ።

የአይናን ጆሮ ያቃጠለችው ራሷ አጆኬ ነበረች። በልጅነታቸው ያም የሚባል ሥር ሲጠብሱ፣ ፍሙን ስትቆሰቁስ አይና ላይ ዘሎ ነው።

«ታዲያ ምን አልሽ፣ እማዬ?» ብዬ ጠይቄያት አውቃለሁ።

«ምን እላለሁ? ድገሚ ተባልኩ፣ ደገምኩ። አንድ ቃል አልጎደለኝም። ያን ቀን ጨርቅ ሸለሙኝ።»

ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ዓመት፣ ከዊዳ ሰው በመጣ ቁጥር ጆሮዋን አቁማ ኖረች። ያ ሹም ሞተ፣ ሌላ ተሾመ። በሰው መነገድ እየቀረ ሄዶ ወደ መርከቡ በርሜል ዘይት መጫን ተጀመረ። ተሽጠው ሄደው ከባሕር ማዶ የተመለሱ ሰዎች ዊዳ ላይ ቤት ሠርተዋል ሲባልም በዚያው ምንጣፍ ላይ ሰማች። እንግዲህ መርከብ የወሰደውን መርከብ ይመልሰዋል ብላ አሰበች። የአይና ወሬ ከመጣ በዚያ ምንጣፍ ላይ ይነገራል፤ የምትሰማውም እሷ ናት።

ከዚያ ፈረንሳዮቹ መጡ። የንጉሡ ሰዎች ቤተ መንግሥቱን በገዛ እጃቸው አቃጥለው ሸሹ። እኔን የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከመንገድ ዳር ያነሳችኝ በዚያ ሽሽት ነው። የኬቱ ሰዎች ጓዛቸውን ተሸክመው እየዘፈኑ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እሷ ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር አሉ።

«አጆኬ፣ ተነሺ እንጂ!» አለቻት አንዲት የአገሯ ሴት። «ያሰረሽ ቤት ተቃጠለልሽ፣ ለአመዱ ታለቅሻለሽ?»

«ከእንግዲህ ከዊዳ የሚመጣውን ማን ይነግረኛል?» አለቻት።

ኬቱ አልሄደችም። በተቃጠለው ግንብ አጠገብ ጎጆ ቀለሰችልን። በየገበያው ቀን የዊዳ መንገድ ዳር ባቄላ ፈጭታ በዘይት ትጠብስ ነበር፤ አሮጊት ስታልፍ ከጥብሱ አንድ ፍሬ መርቃ ትሰጥና «እስቲ ሻሽሽን ገለጥ አርጊ፣ ግራ ጆሮሽን ልየው» ትላለች።

«ምነው እቴ፣ ጉትቻ ልትገዢልኝ ነው?» ይሏታል እየሳቁ።

«ጆሮው የእኔ ከሆነ እገዛለሁ።»

እኔም ትንሽ ከፍ ስል አፍሬባት አውቃለሁ። ዛሬ ያንን መንገድ ሳልፍ እጄ ሳላስበው የሴቶችን ሻሽ ሊገልጥ ይቃጣዋል።

ለአያ ቦኮሳ በመጨረሻ የእሷን ቃል ነገርኳቸው። ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት እጄን ይዛ «በርጩማው ላይ እንዳታስቀምጪኝ» ነበር ያለችኝ። «እኔ ከተቀመጥኩ እሷ ስትመጣ የት ትቀመጣለች?»

አያ ቦኮሳ ወናፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ነፉት። «ቅሉን በአንድ እጇ ነው በሁለት የምትይዘው?»

«በሁለት።»

በስምንተኛው ቀን ሄጄ ተቀበልኳቸው። እናቴ ተንበርክካለች፤ አንገቷን እንደ አድማጭ ትንሽ ዘንበል አድርገውላታል። ፊት ለፊቷ ባዶው በርጩማ አለ። መሐሉ ላይ የማሽላ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አየሁ።

«ይቺ ምንድን ናት፣ አያ?»

«የምስል እግር መትከያ ናት። ቁርጡ ወሬ ሲመጣ አምጪው፣ አይናን እተክልልሻለሁ። እኔ ባልኖር ማንም አንጥረኛ ቀዳዳዋን ሲያይ ይገባዋል።»

አሁን በየገበያው ቀን ማለዳ ከአሰኑ ሥር ውኃ አፈስሳለሁ። ከዚያ ዝገት እንዳይደፍናት፣ ቀዳዳዋን በሣር አገዳ እጠርጋለሁ።