የአጎቶቹ ጎል

«እናቴ፣ ቁጭ በይ እንጂ! ሰው ሁሉ አንቺን እያየ ነው።»

«ይየኝ! የሚያየው ቢያጣ ነው።»

ትርፊት አንዱን አግዳሚ ወንበር እየጎተተች ወደ ድንኳኑ በር ወሰደችው። ትንሽ ቆይታ መልሳ ጎተተችው። ሌሞ ካለው ቤቷ ደጃፍ ላይ ለልጇ ለሽብሩ የለቅሶ ድንኳን ከተጣለ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ፍራሹ ላይ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አልረጋችም። አስከሬኑ ሲወጣም ከተሸካሚዎቹ ቀድማ ነበር የሄደችው፣ ቀብሩ የሚያመልጣት ይመስል።

ሴት ልጇ ርብቃ የንፍሮውን ሳህን ይዛ ተከተለቻት። «ቅመሺ በቃ። ወገብሽ ይቆረጣል።»

«ወገቤን ተይው። እነዚያ ሁለቱ ምን እያሉ ነው?»

«ምንም።»

«ጆሮዬ ደህና ነው፣ ርብቃ።»

ሰምታለች። ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባጃጅ የሚያህል ነገር መጥቶ ሲገጨው እንዴት አላየም? ይባባሉ ነበር። አንደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቀምሶ ይሆናል» አለ። ሌላው ራሱን ነቀነቀ። «ድሮም የሱ ነገር አይታወቅም። አንጋጫዎች ያቺን ጎል ሲያገቡ እንዴት እንደቆመ አላየህም?»

ሠላሳ ዓመት ሞላት፣ ያቺ ጎል።

ሽብሩ የሆሳዕና በረኛ ነበር። በጨርቅ ኳስ ጀምሮ፣ ከሌሞ በእግሩ እየተመላለሰ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ የከተማውን ማሊያ ለበሰ። የሞርሲቶ ልጆች አምስት ፍጹም ቅጣት ምት መትተው አራቱን ይዞባቸዋል፤ ያን ቀን በፈረስ ጋሪ ጭነው ከተማውን አዞሩት። እናቱ ግን አንድም ቀን ሜዳ ሄዳ አላየችውም። ኳስ ለእሷ የሥራ ፈት ነገር ነው። አንድ የአዲስ አበባ ክለብ አስጠራውና ሄደ፤ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። «አየሩ አልተስማማኝም» አለ። ፈራ ብለው ሳቁበት። የክለቡ ሐኪም መርምሮ እንደመለሰው የነገረው ለእናቱ ብቻ ነው።

ከዚያ የዋንጫው ቀን መጣ፣ ከአንጋጫ ጋር። ትርፊት ራሷ የአንጋጫ ልጅ ናት፤ ከከምባታ ተድራ ነው ሌሞ የገባችው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንድ አጥቂ ከበረኛው ግራ በኩል ኳሷን ነካ አደረጋት። ምት ሊባል አይችልም። ኳሷ ቀስ ብላ ተንከባልላ በአጠገቡ አልፋ ገባች። ሽብሩ ተገትሮ ቆመ፤ እጁን እንኳ አላነሳም። አምበሉ ሊሻን አንገቱን አንቆ፣ «ለአጎቶችህ ሰጠሃቸው!» አለው። ጎሏ «የአጎቶቹ ጎል» ተብላ ቀረች። ሽብሩ ዳግመኛ አልተሰለፈም። ቀሪ ዘመኑን የሜዳውን ሣር እያጨደና የሌላውን ማሊያ እያጠበ ኖረ።

እውነቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ተቀበረ። ሁለተኛዋ አግዳሚ ትጎትታለች። ብትናገር ልጇ ይነጻል፤ እሷስ? በሌሞ ምድር ፊት ለፊት ክፉ ተናግሯት የሚያውቅ ሰው የለም። ዛሬ ከተናገረች ግን ሕፃኑም ይጠቁምባታል።

ጸጉሩ የሸበተ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ገባና በከምባትኛ ሰላምታ ሰጣት። ቀጥሎ ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ አክስቴ» አለ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«ማቴዎስ እባላለሁ፣ ከአንጋጫ። ያቺን ጎል ያገባሁት እኔ ነኝ።»

የድንኳኑ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

«ዛሬስ ምን ልታገባ መጣህ?»

አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ማቴዎስ ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። «የተሰጠህ ጎል ነው እየተባልኩ አረጀሁ፣ አክስቴ። ልጆቼም ይቀልዱብኛል። አንድ ጊዜ መጥቼ ጠየቅሁት። ሻይ ጋበዘኝና፣ ‹ጎልህ ናት፣ ውሰዳት› አለኝ። ሌላ አልተነፈሰም።»

ይኼን ጊዜ ሊሻን ከወዲያ ተነሣ። ያ አምበል ዛሬ ቦርጫም የእህል ነጋዴ ነው፤ ሦስቱንም ቀን ከሁሉ በላይ ጮኾ ያለቀሰው እሱ ነው። «ያለፈው አልፏል!» አለ። «እኛ የድሮ ተጫዋቾች ተመካክረናል። ሽብሩን ይቅር ብለነዋል። ቅዳሜ በስሙ ግጥሚያ እናደርጋለን።»

«ምን አልክ?»

«ይቅር ብለነዋል፣ እማማ።»

«አንተ? ንፍሮዬን ዘግነህ ዘግነህ ስትጠግብ ልጄን ይቅር ትለዋለህ?»

«እናቴ፣» አለች ርብቃ ነጠላዋን ይዛ።

«ልቀቂኝ! ሽብሩ በግራ ዓይኑ አያይም ነበር። ሰማችሁ? ምንም አያይም ነበር።»

የርብቃ እጅ ከነጠላው ላይ ወደቀ።

«ያሳወርኩት እኔ ነኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። እሁድ ጸሎቱን ትቶ ኳስ ሄደ፣ በልምጭ ጠበቅሁት። ጫፉ ዓይኑን አገኘው። ሰው እንዳይሰማ ብዬ ቤት ውስጥ በጨው ውሃ እያጠብኩ ወር አቆየሁት። ክሊኒክ ስወስደው ብርሃኑ ሄዷል አሉኝ። ከውጭ ሲያዩት ግን ምንም የለው። ለአባቱ እንኳ ‹እንጨት ወጋኝ› አለልኝ።»

ሊሻን የሚቀመጥበትን በእጁ እየፈለገ ነበር።

«ጎሏ የገባች ዕለት፣ ‹ሄጄ ልንገራቸው› አልኩት። ለአፌ ነው፤ እንደማልሄድ አውቋል። ‹ልጇን አሳወረች ከሚሉሽ፣ ሸጠ ይበሉኝ› አለ። እኔም ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! ሠላሳ ዓመት ቀና ብዬ ሄድኩበት። ባጃጇም የመጣችበት በግራው ነው።»

አንድ ሽማግሌ «እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ...» ብሎ ጀመረ።

«የእሱ አይደለም፣ የእኔ ነው። አንተ አንጋጫው፣ ጎሉ የራስህ ነው፤ ማንም አልሰጠህም። ከየት ነው የመታኸው?»

«ከግራው... ከማዕዘኑ ትንሽ ገባ ብዬ።»

ትርፊት መሐል ቆመች። ግራ ዓይኗን በመዳፏ ከደነች።

«እስቲ ሂድ ወደዚያ።»

ማቴዎስ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ በግራዋ በኩል ተራመደ። ሰዎች እግራቸውን ሰበሰቡለት። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንገቷን አላዞረችም።

«ጠፋህ» አለች።

እሱም እዚያው ቆመ። ርብቃ መጥታ የእናቷን እጅ ልታወርደው ሞከረች፤ ትርፊት እምቢ ብላ መዳፏን አጥብቃ ጫነችው። እንባው ከሥሩ ወጥቶ በክንዷ ወርዶ እጅጌዋ ውስጥ ገባ።